ከመሠረት ድንጋዩ በፊት አየሩና ውሃው ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የተከበሩ አዘጋጅ፣

አገራችን ክትባትን፣ መድኃኒትንና የተሻሻለ የዕፅዋት ዝርያን በራሷ አቅም ማምረት እንዳለባት የሚያሳስቡ ጽሑፎችን በጋዜጣዎ ላይ በተደጋጋሚ አንብቤአለሁ። ሐሳቡን ከልብ እደግፋለሁ። አፍሪካ ከምትጠቀምበት ክትባት 99 በመቶ ያህሉን ከውጭ ስታስገባ መኖሯ፣ የአፍሪካ ኅብረትም በ2013 ዓ.ም. ይህን ለመለወጥ ተነሥቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2040 ድረስ 60 በመቶውን በአህጉሪቱ ለማምረት ግብ ማስቀመጡ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ጽሑፎቹ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ፖሊሲና ስለ ተማረ የሰው ኃይል በስፋት ካተቱ በኋላ፣ ሥራው የሚሠራበትን ቤት ግን እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። ከ20 ዓመት በላይ በጅማና በአካባቢዋ የላቦራቶሪ መሣሪያ ስተክልና ስጠግን የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ስለዚሁ ስለ ቤቱ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ ተቋም አዲስ ላቦራቶሪ ሠርቶ፣ ከውጭ የተገዛ የባዮሴፍቲ ካቢኔት፣ ማለትም በተሕዋስ ላይ የሚሠራበት ፊቱ ክፍት የሆነ ሣጥን፣ እንድተክል ጠራኝ። ካቢኔቱ ከነሣጥኑ ኮሪደር ላይ ቆሟል። በሩን ስለካው 78 ሳንቲ ሜትር፣ ካቢኔቱ በጠባብ ጎኑ 82 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የአሉሚኒየሙ በር ከነመቃኑ ተነቅሎ፣ ግንቡም በመሮ ተፈልፍሎ ማሽኑ ሲገባ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀው ክፍል በሲሚንቶ አቧራ ተሞላ። ዋናው ችግር የታየው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ካቢኔቱን አስነሥቼ፣ አየሩ በትክክል ወደ ውስጥ መሳቡን ለማየት ሰንደል ለኩሼ አፉ ላይ ብይዝ፣ ጭሱ በመሳብ ፈንታ ተጠምዝዞ ወደ ፊቴ ተመለሰ። ቀና ብል ልክ ከአናቴ በላይ የጣሪያ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። ሕንፃውን የነደፈው ሰው ክፍሉ እንዳይሞቅ አስቦ ያደረገው ነው፤ ካቢኔቱ ግን ሠራተኛውን ከጀርም የሚጠብቀው በፊቱ በሚሳበው ቀጭን የአየር መጋረጃ ስለሆነ፣ ከላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር ያንን መጋረጃ ይቀደዋል። ቬንትሌተሩን አስነቀልን፤ ክፍሉ ሞቀ፤ ሠራተኞቹ መስኮት ከፈቱ፤ በመስኮቱም የመንገዱ አቧራ ገባ።

ነዳፊውን አልወቅስም። የተሰጠው ትእዛዝ «ላቦራቶሪ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ተሕዋስ ላይ፣ በስንት ሰው፣ በየትኛው ማሽን እንደሆነ የነገረው አልነበረም። እኛ ዘንድ ሕንፃ የሚታቀደው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መሬቱ ይገኛል፣ ጂ ፕላስ ስንት እንደሚሆን ይወሰናል፣ ፊቱ መስታወት ይሁን ድንጋይ ይመከርበታል፣ የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ መብራቱና ቧንቧው በስተመጨረሻ ይመጣል። ለቢሮና ለሆቴል ይህ አካሄድ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ የባዮቴክኖሎጂ ምርምርና ምርት ሕንፃ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚታቀደው። ጥሬ ዕቃው በየት ገብቶ፣ በየት ተሠርቶ፣ በየት ይወጣል፤ ቆሻሻውስ ከንጹሑ ዕቃ ጋር ሳይገናኝ በየት ይሄዳል፤ ሠራተኛው ልብሱን የት ለውጦ የት ይደርሳል የሚለው በቅድሚያ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከዚህ ክፍሎቹ ይወለዳሉ፤ ከክፍሎቹ የአየሩ መጠን፣ ከአየሩ መጠን የቱቦው ስፋት፣ ከቱቦው ስፋት የጣሪያው ከፍታ ይገኛል፤ ምሰሶና መሠረት የሚቆጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። 6 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና 3 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል 90 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ክፍሉ ለንጹሕ ምርት የሚሆን ከሆነ አየሩ በሰዓት 20 ጊዜና ከዚያም በላይ መለወጥ አለበት፤ ይህም በሰዓት 1,800 ሜትር ኩብ የተጣራ፣ የቀዘቀዘና እርጥበቱ የተለካ አየር ማለት ነው፤ ለአንድ መለስተኛ ክፍል ብቻ። አየሩ የሚያልፍበት ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮ ሜትር ስፋት ካላቸው ብናኞች 99.97 በመቶውን የሚያስቀር ነው። አይሶ 7 በሚባለው ዓለም አቀፍ የክፍል ንጽሕና ደረጃ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ352,000 መብለጥ የለባቸውም፤ ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም ተራ ክፍል ውስጥ ያለው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በጎረቤት ክፍሎች መካከል ደግሞ ቢያንስ 10 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይጠበቃል። 10 ፓስካል በቱቦ ውስጥ ያለን ውሃ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ግፊት ነው። በሩ በደንብ ካልገጠመ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሽቦ ያሳለፈበትን ቀዳዳ ሳይደፍን ከሄደ፣ ያቺ ሚሊ ሜትር ትጠፋለች። የግፊቱ አቅጣጫም እንደ ሥራው ይለያያል፤ ምርቱ ከቆሻሻ እንዲጠበቅ ከተፈለገ አየሩ ከክፍሉ ወደ ውጭ ይገፋል፣ አደገኛ ተሕዋስ እንዳይወጣ ከተፈለገ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሕይወት ያለው ተሕዋስ ለክትባት ሲመረት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚፈለጉ፣ በመካከል መሸጋገሪያ ክፍል መሥራት ግድ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሕንፃው ካለቀ በኋላ እንጨምራለን ማለት፣ ዳቦው ከተጋገረ በኋላ እርሾ ልጨምር እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጅማ ልምጣ፤ ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጣ ንድፍ የሚስተው የጅማን ጠባይ ነውና።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ ውሃ በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ምስር ወይም ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ነገሩ ቶሎ አልበሰለም ከማለት አያልፍም፤ ዕቃን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም ለሚያነጻው አውቶክሌቭ ግን ከባድ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የማሽን መመሪያዎች የሚጻፉት በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ሲሆን፣ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ደርሷል ይላሉ። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ጅማ ላይ 15 ሲያሳይ እንፋሎቱ የሚደርሰው 118 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 121 ላይ ለመድረስ ወደ 18 ፒኤስአይ ይፈለጋል። 3 ዲግሪ ምን ያመጣል የሚል ይኖራል። ሙቀትን በሚቋቋሙት የባክቴሪያ ስፖሮች ላይ በ10 ዲግሪ ልዩነት የመግደል ፍጥነቱ 10 እጥፍ ስለሚለወጥ፣ በ3 ዲግሪ ማነስ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፤ 15 ደቂቃ ቆየ የተባለው ዕቃ ሰባት ደቂቃ ተኩል እንደቆየ ይቆጠራል። በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠሩ አሮጌ አውቶክሌቮችን ስፈትሽ ይህን ስሕተት ያገኘሁት አንድና ሁለት ጊዜ አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ ሚዲያው፣ ማለትም ተሕዋስ ወይም ዕፅዋት የሚያድግበት ምግብ፣ ለምን እንደሚሻግት ገርሟቸው ውሃውን፣ ስኳሩንና የጽዳት ሠራተኛዋን ሲጠረጥሩ ከርመው ነበር።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ማቀዝቀዣውና ቬንትሌተሩ በካታሎግ ላይ የተጻፈውን ያህል ሙቀት አያነሱም፤ ቱርቦ የሌለው ጀነሬተርም ከስም ሰሌዳው ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን ከዚያም በላይ ያጣል። ጨረታ የሚያወጣው ክፍል «የተከላው ቦታ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ይህ ሁሉ ይቃለላል።

እርጥበቱን የጅማ ሰው ያውቀዋል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ፣ ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ጫማ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ይወጣል። በዚህ አየር የጂፕሰም ቦርድ ኮርኒስ ለንጹሕ ክፍል መስቀል፣ ለሻጋታ ቤት መሥራት ነው። ወለሉ መጋጠሚያ የሌለው ኤፖክሲ (ፈስሶ የሚጠነክር ልባስ)፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን ክብ ሆኖ የተወለወለ፣ ኮርኒሱም የሚታጠብ ፓናል መሆን አለበት። እንጨት ፈጽሞ አይገባም፤ ይህን ስጽፍ እንደ ጅማ ልጅነቴ ትንሽ ይከፋኛል፤ በእንጨት ሥራዋ አገር ባወቃት ከተማ የምንኮራበት በርጩማ ከመሸጋገሪያ ክፍሉ በር አያልፍም። ወለሉን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማዋ ዝቅተኛ ሥፍራዎች፣ በተለይ ወደ ቦዬ ረግረግ በሚጠጋው በኩል፣ ጥቁሩ አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ለመኖሪያ ቤት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ምንም አይደለችም፤ በንጹሕ ክፍል ኤፖክሲ ላይ ግን የጀርም መጠለያ ናት። ስለዚህ የቦታ መረጣው ለመንገድ ካለው ቅርበት ይልቅ በአፈር ምርመራው ቢወሰን ይሻላል።

ስለ ውሃ በአጭሩ። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ለመጸዳጃ ቤት ይበቃል፤ ለምርት የሚሆን ውሃ ግን ከተጣራ በኋላ በማይዝግ ብረት ቧንቧ ውስጥ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ መዞር አለበት፤ የቆመ ውሃ ያለበት የቧንቧ ጫፍ ሁሉ ባክቴሪያ ያራባል። በመርፌ ለሚሰጥ መድኃኒት የሚውለው ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 በላይ ባክቴሪያ ሊኖረው አይገባም።

የሚወጣው ውሃ ይበልጥ ያሳስበኛል። አዌቱ የከተማችንን ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይቀጥላል። በወራጁ ዳር ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል። ተሕዋስ የሚያባዛ ማምረቻ የሚያወጣው ፍሳሽ በሙቀት ወይም በኬሚካል ሞቶ፣ መሞቱም በምርመራ ተረጋግጦ ካልሆነ በቀር ከግቢው መውጣት የለበትም፤ ለዚህም የሚሆን ታንክና ክፍል ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ቦታ ሊያዝለት ይገባል። በዘረ መል የተለወጠ ሕያው ነገር ላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 የሚጠይቁት ፈቃድ አለ፤ ፈቃዱ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ ሕንፃውን እንደገና ማፍረስ ሊመጣ ይችላል።

ታዲያ ጅማ ከምን ትጀምር? ብዙ ሰው ክትባት ይላል። እኔ ግን በቡና እንጀምር ባይ ነኝ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ከተማችን አጠገብ ያለው የመልኮ የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ፤ ዛሬም ገበሬው 74110ን በስም ሳይሆን በቁጥሩ ይጠራዋል። እነዚያ ዝርያዎች በዘር ይራባሉ። ከዚያ በኋላ የወጡት ዲቃላዎች፣ ለምሳሌ አባቡና፣ ግን ዘራቸው ሲዘራ ልጁ እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ወይ በእጅ ማዳቀል፣ ወይ ቁርጥራጭ መትከል፣ ወይ ከቅጠል ቁራጭ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ቁራጩን በብርጭቆ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ በማሳደግ፣ ማብዛት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ብዙ ችግኝ በትንሽ ቦታ የሚያስገኝ ነው። ዕውቀቱም በአጠገባችን አለ። በ1992 ዓ.ም. የጤናው ኢንስቲትዩትና የግብርናው ኮሌጅ ተዋሕደው የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋትንም መድኃኒትንም የሚያስተምር ከመሆኑም በላይ የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለው።

ቲሹ ካልቸር የሚፈልገው ቤት ከክትባት ማምረቻ በእጅጉ የቀለለ ነው፤ ሚዲያ ማዘጋጃ፣ በሁለት ወገን የሚከፈት አውቶክሌቭ፣ ቁራጩ የሚተላለፍበት ንጹሕ ክፍል፣ በ25 ዲግሪ አካባቢ የሚቆይ ማሳደጊያና ችግኙ ከውጭው አየር ጋር የሚለማመድበት ጥላ ቤት። ቢሳሳቱ የሚጠፋው ብርጭቆ ሙሉ ችግኝ ነው እንጂ የሰው ሕይወት አይደለም። በዚህ ቤት ውስጥ ግን ልብስ መለወጥን፣ በር አለመክፈትን፣ መዝገብ መያዝን፣ ማጣሪያ በወቅቱ መለወጥን የተማረ ሰው ነገ ወደ ክትባት ሲሻገር አይቸገርም። በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ እንኳ ዛሬ ያለበት የደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ለጠፋው የከብት ደስታ በሽታ ክትባት ሲያመርት የኖረ ቤት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች አሉልን፣ ለምን በእነሱ አንጠቀምም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሼዱ ረጅም ጣሪያና ምሰሶ የማይበዛበት ሰፊ ወለል ስላለው፣ በውስጡ በሳንድዊች ፓናል ሌላ ቤት መሥራት፣ ማሽኖቹንም በላዩ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጂ ፕላስ አራት የሆነ የቢሮ ሕንፃን ከመለወጥ እመርጠዋለሁ። ለልብስ ስፌት የታሰበ ሼድ ግን የኤሌክትሪክ አቅሙ፣ የውሃ መስመሩና በቆርቆሮው ሥር ሌሊት የሚንጠባጠበው ጤዛ ተለክቶ ሊታወቅ ይገባል። በንጹሕ ክፍል ከሚጠፋው ኃይል ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላዩን የሚበላው አየሩን ማጣራትና ማቀዝቀዝ ነው፤ መብራት ለአንድ ሰዓት ሲጠፋ ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ክፍሉ እንደገና መጽዳትና መመርመር ይኖርበታል።

የመጨረሻው ጉዳይ ውሉ ነው፤ ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብጽፈው አይፈረድብኝም። ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ያየሁት ብዙ ነው። ኮሚቴው ይዞራል፣ በር ይከፈታል ይዘጋል፣ ውሃ ይለቀቃል፣ ቀለሙ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይፈረማል። ብናኝ የሚቆጥር መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም። ለእንዲህ ያለ ሕንፃ የውሉ ሰነድ ገና ከመነሻው ተጠቃሚው የሚፈልገውን በቁጥር የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ ንድፉ ያንን ጽሑፍ ማሟላቱ፣ ማሽኖቹ እንደ ንድፉ መተከላቸው፣ ባዶ ክፍሉ እንደታሰበው መሥራቱ፣ በመጨረሻም ሰው ገብቶ ሥራ ሲጀመር ቁጥሮቹ መጽናታቸው በየደረጃው ተለክቶ መፈረም አለበት። የኮንትራክተሩ የመያዣ ገንዘብ ከዚህ የመጨረሻ ልኬት በፊት መለቀቅ የለበትም። አማካሪው ደግሞ ሌላ ቦታ ንጹሕ ክፍል ነድፎ ያስረከበ፣ ያስረከበውም በልኬት የተረጋገጠ መሆኑ ይጠየቅ።

ዋጋው ሲወዳደርም የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ብቻ ተይዞ አሸናፊ መምረጥ አይበጅም። ማጣሪያ ይደፈናል፣ የካቢኔት ማኅተም ይላላል፣ የግፊትና የሙቀት መለኪያ ከልኩ ይወጣል፤ ካቢኔት ብቻውን በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ መርማሪው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ አበልና ቀጠሮ አለ። የአምስት ዓመት መለዋወጫ፣ የማጣሪያ ክምችትና ጅማ ላይ የሚቀመጡ ሁለት የሠለጠኑ ሠራተኞች በጨረታው ውስጥ ይካተቱ። ይህን ስል የራሴን እንጀራ እያስፋፋሁ እንዳይመስልብኝ፣ እኔ ወደ ጡረታ እየተጠጋሁ ነኝ።

ከእርስዎም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ጋዜጠኞችዎ እንዲህ ላለ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ሲገኙ፣ የሕንፃውን የፊት ገጽታ ከሚያሳየው ባለ ቀለም ሥዕል ጎን የሰውን፣ የዕቃውን፣ የአየሩንና የቆሻሻውን መንገድ የሚያሳየውን ንድፍ እንዲጠይቁና ካገኙትም ሁለቱን አብረው እንዲያትሙልን።

ከአክብሮት ጋር

የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ
ከጅማ